የጋሽ ጥሩነህ ኪኒን

(ሆስፒታል፣ ከሰዓት በኋላ፤ ስንዱ አልጋ ላይ ተኝታለች፣ የሚኒባስ ረዳት የሆነው ታናሽ ወንድሟ አሰግድ ኪኒንና የውሃ ኩባያ ይዞ አጠገቧ ቆሟል።)

አሰግድ፦ ይሄ የምነግርሽ ግን፣ የአባቴ አጥንት ይውጋኝ፣ አንዲት ቃል ውሸት የለበትም።

ስንዱ፦ የአባታችን አጥንት አንተን ሲወጋ አልቆ የለም እንዴ? አልውጥም ብያለሁ፤ ተወኝ።

አሰግድ፦ ስሚኝማ እታለም። የድሮ ሾፌሬ ጋሽ ጥሩነህ፣ እሱም እንዳንቺ ምርመራው «ቫይረሱ አልታየም» ሲለው ድኛለሁ ብሎ መድኃኒቱን ጣለ።

ስንዱ፦ እሱ ዝም ብሎ ነው የጣለው። እኔ ዝክር ደግሼ፣ ኤችአይቪው ለቀቀኝ ብዬ ለሰፈር አውጄ። አሁን በየት ዓይኔ ልያቸው?

አሰግድ፦ ያልታየ ሁሉ የለም ማለት ነው? ትራፊክ ሲመጣ ትርፍ ተሳፋሪውን «ዝቅ በሉ» የምለው ለምን ይመስልሻል? ቫይረሱም እንደዚያው ነው። ሰውነትሽን በሚጠብቁት ወታደሮች ውስጥ ገብቶ ዝቅ ይላል፣ ይተኛል። መድኃኒቱ ዞር ሲል ቀና።

ስንዱ፦ ታዲያ ያ ሁሉ ተመራማሪ ይሄን ዘመን ምን ይሠራል? አያወርደውም?

አሰግድ፦ የቱን ያውርድ? የተደበቀበት ወታደር ከጤነኛው አይለይ። መኪናውን ከነተሳፋሪው አያቃጥል። ክትባት እንሥራ ሲሉ ደግሞ መልኩን ይለውጣል፤ ጢሙን ሲለዩት ተላጭቶ ይመጣል።

ስንዱ፦ አታስቀኝ፣ ደረቴን ያመኛል። ወታደሮቼ አልቀዋል አሉኝ እኮ። አሁን መዋጥ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

አሰግድ፦ ጅቡ መቼ ሄደና? ጋሽ ጥሩነህ የቀሩት ሁለት ወታደሮች ነበሩ፤ አንደኛው የዓመት ፈቃድ ላይ። ኪኒኑን ዋጠ። ሰንብቶ ተነሳና ደሴን አልፎ ነዳ። ሐይቅ ጋ አውሮፕላን ቀደመ።

ስንዱ፦ አውሮፕላን።

አሰግድ፦ ፓይለቱ እጁን በመስኮት አውጥቶ «እለፍ» ብሎታል።

ስንዱ፦ አንተ ቀጣፊ። ሰዉስ? ድኛለሁ ብሎ ሲያበቃ ምን አሉት?

አሰግድ፦ ምን ይሉታል? ተሳፈሩለት።

ስንዱ፦ አሁን የት አለ?

አሰግድ፦ መንገድ ላይ።

ስንዱ፦ ...አምጣ ኩባያውን። ይኸው፣ ዋጥኩልህ። አሁን እውነቱን አውጣ፤ አውሮፕላኑን ፈጠርከው፣ አይደል?

አሰግድ፦ አውሮፕላኑ ይቆየን እታለም። የፈጠርኩት «ዋጠ» ያልኩትን ነው፤ ኪኒኑን አልዋጠም። እንዳንቺ ሰው አፍሮ «ነገ» አለኝ፤ ነገን አላየም፤ ውሃውን እንደያዝኩ ቀረሁ።