አልቃሽ የተባለችው ተዋናይት

እስካሁን ሳወራው ልቤ ይመታል! ወደ ዘመሮ ስሄድ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ሻሿን ስታስተካክል ባያት፣ በየሳምንቱ በቴሌቪዥን የምናያት ዝነኛዋ ተዋናይት ናት! ከፊታችን የተቀመጡት ቄስ ግን አላወቋትም። ዞር ብለው «ሥራሽ ምንድነው ልጄ?» አሏት።

«ሰው ፊት ማልቀስ ነው፣ አባ» ብላ ሳቀች።

«እግዜር ላከሽ! አንዲት ባልቴት ልንቀብር ነው፤ አልቃሿ ታማብናለች» አሏት።

እምቢ ትላለች ስል አብራቸው ወረደች። እኔም ተከተልኩ። ለቀስተኛው መሀል ገብታ «እናትዬ!» እያለች ሙሾውን ስታወርደው ሰዉ ሁሉ ደረቱን መታ፤ እኔም አለቀስኩ። ሲያበቃ ሮጬ ሄድኩና «እንዴት ያለ ትወና ነው!» አልኳት።

«ትወና አይደለም» አለችኝ ዓይኗን እየጠረገች። «እናቴ ስትቀበር ቀረጻ ላይ ነበርኩ። ዛሬ ገና አለቀስኩላት።»