የወይዘሮ እቴናት ጀምበሩ ዜና ሕይወትና የአርባቸው ጋን

ጋኑን ከማጠኔ በፊት አሽትቼው ነበር ወይስ አላሸተትሁትም? ይህን ሁለት ዓመት ሙሉ ራሴን ጠይቄ እስካሁን መልስ አላገኘሁም። የዛሬው ቀን ግን የእኔ ሳይሆን የአማቴ የወይዘሮ እቴናት ጀምበሩ ስለሆነ፣ እኔ የልጃቸው የእንዳላማው ሚስት ሥራነሽ፣ ከአራተኛ ክፍል ባላለፈ ትምህርቴ የጻፍሁትን ዜና ሕይወታቸውን እንድትሰሙኝ እለምናለሁ። ሁለት ዓመት ደጃቸውን ያልረገጣችሁም ዛሬ መጥታችኋልና፣ ጥቂት መቆም አያቅታችሁም።

ወይዘሮ እቴናት ከአባታቸው ከአቶ ጀምበሩ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሰንበት በሮብ ገበያ አካባቢ በ1949 ዓ.ም. ተወለዱ። ትምህርት ቤቱ ሩቅ ስለነበር ከእናታቸው ሥር ሆነው ስንዴ ማብቀልን፣ ጌሾ መውቀጥን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዕቃ ማጠብን ተማሩ። ፊደል የቆጠሩት ኋላ በመሠረተ ትምህርት ሲሆን፣ ስማቸውን መጻፍ እንደቻሉ “ለጠላ ይህ ይበቃል” ብለው ደብተሩን ለጎረቤት ልጅ ሰጡት።

በ1967 ዓ.ም. ከአቶ ታረቀኝ ጋር በሕግ ተጋብተው ወደ አማኑኤል መጡና፣ ባላቸው በግንበኝነት ሲሠሩ እርሳቸው ከመንገዱ ዳር ጠላ ቤት ከፍተው፣ እንዳላማውንና ማርያማዊትን ወልደው አሳደጉ። አቶ ታረቀኝ በ1999 ዓ.ም. ሲያርፉ ቤቱ አልተናጋም። ማርያማዊት ዛሬ ደብረ ማርቆስ ላይ የምታስተምረው በዚያ የስንዴ ጠላ ገንዘብ ተምራ ነው።

በሥራቸው ማንንም አያምኑም ነበር። ጋን በግራዋ ቅጠል ሦስት ጊዜ ታሽቶ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ተደፍቶ ደርቆ፣ ራሳቸውን እስከ ትከሻቸው አስገብተው ካሸተቱት በኋላ ብቻ በወይራ ጭስ ይታጠናል፤ ከጭሱ በኋላማ የታጠበውም ያልታጠበውም የሚሸተው አንድ ዓይነት ነውና። በፕላስቲክ በርሜል የሚጠምቁትን ሴቶች “ልብስ ዘፍዛፊዎች” ይሏቸው ነበር። በቆሎ የቀላቀለች ጎረቤታቸውን ጠላም ቀምሰው “ለዶሮ ነው የጠመቅሽው፣ በይ ዶሮዎቹን ጥሪያቸው” ብለው ጣሳውን እንደ ሞላ መለሱላት። የእርሳቸው የስንዴ ጠላ ምላስ ጠርዝ ላይ ጥቂት የሚኮመጥጥ ነበርና፣ ፊቱን የሚያጨማድድ ጠጪ ሲያዩ “ኮምጣጣና ብልሹ የማይለይ ምላስ ውሃም አይገባውም” ይሉ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ብርቱ ጉንፋን ጥሏቸው ሲነሡ፣ ሽታ የሚባል ነገር ጠፋባቸው። ወይራውንም አተላውንም አይለዩም። ይህን ከእኔ በቀር ለማንም አልነገሩም፤ እንዳትነግሪ ስላሉኝም አልነገርሁም። ከዚያ ወዲህ አፍንጫቸው እኔ ሆንሁ።

በተከታዩ ዓመት በጥቅምት የማርያም ማኅበር ተራ ደረሰን። መቅዲ ልጄ የሦስት ወር ጨቅላ ነበረችና ጀርባዬ ላይ አዝያት ስታለቅስ፣ ጋኑን በግራዋ ሦስት ጊዜ ማጠቤን አስታውሳለሁ፤ ማጠኔንም አስታውሳለሁ። በመካከሉ ያለው ጠፍቶብኛል። እርሳቸው መጥተው እንደ ልማዳቸው ራሳቸውን ጋኑ ውስጥ አስገብተው “ምን ይሸታል?” ሲሉኝ፣ “ወይራ ነው፣ እማማ” አልኋቸው። ውሸት አልነበረም።

በማኅበሩ ዕለት አቶ አበባው ሰባት ዋንጫ ጠጡ። እኔ ነኝ የቀዳሁላቸው። በስምንተኛው “ይህ ጠላ ተበላሽቷል፣ ሆዴን ቆረጠኝ” ብለው ደጃፋችን ላይ ደፉት። ሰባቱ ያልቆረጠው ሆድ እንዴት በስምንተኛው እንደ ነቃ እርሳቸው ያውቃሉ፤ እዚህ ቆመዋል፣ ነጠላቸውም ንጹሕ ነው። ከዚያ በኋላ እስከዚያ ደቂቃ ሲሳሳቅ የነበረው ማኅበርተኛ ሁሉ ሆዱን ያዘ። አንዷ “ጋኑን ማን ነው ያጠበው?” ስትል፣ እኔ ልጄን እያጠባሁ ዝም ስል፣ ወይዘሮ እቴናት ተነሥተው “እኔ ነኝ። ምን አላችሁ?” አሉ። አርባ ዓመት የጠጣችሁ ሰዎች በማግሥቱ ከመንገዱ ማዶ ካለው በርሜል መጠጣት ጀመራችሁ። ሳሙና ሳሙና ሲላችሁ ግን የደፋ ሰው አልሰማንም።

ወይዘሮ እቴናት ከዚያ ወዲህ አልጠመቁም። ባለፈው ሰኔ ልባቸው ደክሞ አልጋ ሲይዙ፣ አንድ ቀን እግራቸውን እያጠብሁ “እማማ፣ ያን ቀን አላሸተትሁት ይሆን?” ብዬ ጠየቅኋቸው። “ልጅ ያዘለ ሰው አይጠየቅም። እነዚያ ምንም ያላዘሉት አፍንጫ የላቸውም?” ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ከሞታቸው በፊት በነበረው ሳምንት ደግሞ፣ በገዛ እጃቸው ያበቀሉትን የስንዴ ብቅል በከረጢት አሳይተውኝ፣ “ለአርባዬ በዚያው ጋን ጥመቂ። የማይጠጣ ሰው አያልቅስልኝ” አሉኝ። ትናንት ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ንጋት ላይ፣ በተወለዱ በ69 ዓመታቸው፣ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ወይዘሮ እቴናት አንድ ወንድ ልጅ፣ አንዲት ሴት ልጅ፣ አንዲት የልጅ ልጅ እና አንድ ጋን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን እንደ ንጹሕ ዕቃ ተቀብሎ በቤቱ ያኑርልን፤ ለእኛም ለቀረነው ልብ ይስጠን።

አሁን ምክራችሁን እለምናለሁ። ዝምታዬን ዛሬ ሰምታችኋል፤ ልትንቁኝ ትችላላችሁ፣ እኔም እንደ ናቅኋችሁ ነግሬያችኋለሁ። ለአርባቸው እንዲደርስ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጠንሰስ አለብኝ፣ በራሴ አፍንጫ ግን ከእንግዲህ አላምንም። በዚያው ጋን ልጥመቅ ወይስ ልስበረው? በዚያ ሰሞን ቅዳሜ ጠዋት ጋኑን አጥቤ፣ አድርቄ፣ ሳላጥነው ደጃፋችን ላይ፣ ጠላው በፈሰሰበት ቦታ አስቀምጠዋለሁ። አቶ አበባው፣ እርስዎ ቀድመው ራስዎን ያስገቡና ያሽቱት፤ ከዚያ ምከሩኝ።