ደወል ሲደወል ያቆምነው ቀረጻ

— ሄሎ፣ ልደቱ?... እሰማሃለሁ። ቀስ በል እንጂ፣ ምን ሆነች ኮምፒውተሯ?... ሊድያ፣ ሬድዮኑን ቀንሺው፣ ከዳባት ነው።

— አልቀዳችም?... እኔ የሠራሁት ፕሮግራም ዝም ብሎ አይበላሽም፤ ምን እንደነካህ ንገረኝ።... ምንም?... አንተ መቼም ምንም ነክተህ አታውቅም።

— እሺ፣ የኔታ ወልደ ገብርኤል ዜማውን ጀመሩ። ከዚያስ?... የቅዳሴው ደወል ሲደወል ተነሱ።... ማቆሚያዋን ነካህ፣ ደወሉ ሲያበቃ ማስቀጠያዋን። እሱማ ያስተማርኩህ ነው።... «እየቀዳ ነው» ትላለች?... የፋይሉን መጠን አንብብልኝ።... ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ያው ነው? ሁለት ሰዓት ሙሉ?

— ቆይ፣ የጻፍኩትን ልክፈተው።

— አለሁ። አገኘሁት።

— ስማኝ። ከጀርባ ሆኖ ድምፁን ወደ ፋይል የሚጽፍ ሥራ አለ። ሲጽፍ ሌላ እንዳይገባበት ፋይሉን ይቆልፋል። አንተ ቁም ስትለው ቆልፎ፣ ቁልፉን እንደያዘ ደረቀ። ቀጥል የሚለው ትእዛዝ ደግሞ ያንኑ ቁልፍ ካላገኘ አይገባም።... አዎ፣ የቆመው ቀጥል እስኪባል ይጠብቃል፣ ቀጥል ባዩ ቁልፉን እስኪያገኝ ይጠብቃል።

— አይ፣ አንተ አይደለህም። የያዘውን ጨርሶ፣ ቁልፉን መልሶ እንዲቆም ማድረግ ነበረብኝ። ባለበት ቀጥ አደረግሁት። እኔ ነኝ።

— ድምፁማ አለ፣ ሜሞሪው ላይ ተንጠልጥሏል። ካጠፋሃት ይሄዳል።... ባትሪው ስንት ቀረው?... አራት በመቶ? መብራቱስ?... ጄኔሬተር ያለው ሰው የለም?... ዛሬ ቤንዚን ከየት ይመጣል፣ እውነትህን ነው።

— ከደባርቅ ብነሳም አልደርስ።... አይ፣ በስልክህ ልትቀዳው ብታጫውተውም ያንኑ የተቆለፈ ፋይል ይፈልጋል።... ነገ ይድገሙት? ነገ ጠዋት ጎንደር ጉሮሯቸውን ሊቀደዱ አይደል እንዴ? ዶክተሩ ከዚያ በኋላ ድምፅ የለም አላለም?... ታዲያ ምን ትጠይቀኛለህ።

— ጠፋች?... ስክሪኑ ብቻ ነው ወይስ...

— እሺ። አጠገብህ ናቸው?... ስጣቸው። አይ፣ እኔ ልንገራቸው።

— የኔታ፣ እንዴት ዋሉ።... ማርያማዊት ነኝ።... ደወሉ እስከተደወለበት ያለው አለ፣ የኔታ። ከዚያ ወዲህ ያዜሙት ነው የሌለው።... አዎ፣ ሁለቱም ሰዓት።... ልደቱን አይቆጡት፣ ያዘዝኩትን ነው ያደረገው።... ዜማውን ከእርስዎ ሌላ የሚያውቀው የለም፣ አውቃለሁ።... ምን አሉኝ?... አልሰማዎትም፣ የኔታ፣ ድምፅዎ... እሺ፣ ይበቃል፣ አይናገሩ።

— የኔታ?

— ዘጉት፣ ሊድያ።