በር ላይ የቀረው አማርኛ

መቱ ላይ የጽሕፈትና የካርድ ሥራ ቤት አለኝ። አብዛኛው ሥራዬ በአፋን ኦሮሞ፣ በላቲን ፊደል ስለሆነ የአማርኛው ችግር ተደብቆ ከርሟል። አንድ ጠዋት ጋሼ መኮንን እዚሁ አቅራቢያችን ካለችው ቡሬ መጡና "የልጄን የሠርግ ጥሪ በሁለቱም ቋንቋ ሥሪልኝ" አሉኝ። ኦሮምኛውን ጨረስኩ። ወደ አማርኛው ስዞር የካርድ መሥሪያው ፕሮግራም ላይ የሚወጣው ላቲን ብቻ! ሌሎቹ ፕሮግራሞች ላይ ግን የግዕዝ ፊደል የሚያወጣልኝ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር እንደ ልቡ ይጽፋል። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁ፣ ያው ነው። ጋሼ የሚመለሱበት የቡሬ መኪና ሊሞላ ነው።

"ይሄኛው ከሌሎቹ በምን ይለያል?" አሉኝ ጋሼ። "እሱን ብቻ በአስተዳዳሪ ፈቃድ፣ ማለትም ከሌሎቹ ከፍ ባለ ሥልጣን ነው የምከፍተው፤ ያለዚያ አይሠራም" አልኳቸው፣ ምን ይገባቸዋል ብዬ። ጋሼ ፍርድ ቤት በተላላኪነት ሠርተው ነው ጡረታ የወጡት። ሳቅ አሉ። "እኔም ዳኛው ቢሮ ወረቀት ይዤ ያለ ፈቃድ ገብቼ አላውቅም። አማርኛ መጻፊያውንስ በማን ፈቃድ ከፈትሽው?" ለካ ባለ ፈቃዱ ፕሮግራም ያለ ፈቃድ ከተከፈተ መጻፊያ ፊደል አይቀበልም፤ አማርኛው በር ላይ ነው የቀረው! መጻፊያውን ዘግቼ እሱንም በአስተዳዳሪ ፈቃድ ከፈትኩት። "የተከበሩ" ብዬ ስጽፍ ፊደሉ ቁልጭ ብሎ መጣ። እጃቸውን ለመሳም ምንም አልቀረኝም።

የመጀመሪያውን ካርድ ለእኔው ሰጡኝና ቡሬ ሠርጉ ላይ ተገኘሁ። "ካርዱን የሠራች ባለሙያ ይቺ ናት" እያሉ ለዘመድ ሁሉ አስተዋወቁኝ፤ መፍትሔውን የጠቆሙኝ እሳቸው መሆናቸውን ግን ትንፍሽ አላሉም። እሳቸው ዝም ቢሉም እኔ ግን ይኸው ተናገርኩ።