በባጃጅ የታጀበው ወክ

በእኛ በሶዶ ልጆች አፍ ወክ ዝም ብሎ መሄድ አይደለም። ከጎረቤት ከተማ ከበዴሳ በእግሩ የመጣ ሰው ወክ አደረገ አይባልም። ወክ ከሴት ልጅ ጋር በአስፋልቱ ዳር ቀስ እያሉ የትም አለመድረስ ነው። እኔ ደግሞ ባጃጅ ነጂ ነኝ፤ ጎረቤት ሱቅ እንኳ በባጃጅ ነው የምሄደው። የምወዳትን አስቴርን ወክ እናድርግ ስላት፣ «እሺ፤ ግን ባጃጅ ውስጥ ከገባህ እዚያው ተለያየን» አለችኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ወጣን። ገና አስፋልቱን ስንይዝ አንዱ የሥራ ጓደኛዬ አጠገቤ አቆመና፣ «ምነው፣ ተበላሸብህ? ግባ ላድርስህ» አለኝ።

«ወክ ላይ ነኝ» አልኩት።

አፉን ይዞ ሄደ። ለባጃጅ ነጂዎቹ ሁሉ ደውሎ ኖሮ፣ ወዲያው የባጃጅ ሰልፍ ክላክስ እያስጮኸ እንደ ሰርግ አጃቢ ከኋላችን ይከተለን ጀመር። አሁን ጥላኝ ትሄዳለች ብዬ ፈራሁ። ይባስ ብሎ ከገበያ የሚመለሱት እናቷ ፊት ለፊት መጡብን።

«ማን ነው የሚያገባው?» አሉ።

አስቴር ክንዴን ያዝ አደረገችና፣ «ሰርግ አይደለም እማዬ፣ ወክ ነው» አለች።

እናቷ ሰልፉን አዩ፣ እኔን አዩ። «ይሄ ሁሉ ባጃጅ እያለው በእግሩ ከሄደስ ወዶሻል» አሉና ዘንቢላቸውን አስይዘውኝ፣ ፊተኛው ባጃጅ ውስጥ ገብተው አጀቡን።