ከመቃብሩ ሥር የተለቀመው ያህያ ጆሮ

በዚህ የኬንታኪ ሸለቆ አርባ ዓመት ሳይንስ አስተምሬያለሁ፤ ግድግዳ ባስተምር ይሻለኝ ነበር እላለሁ አንዳንዴ። አንድ ቅዳሜ በመኪናዬ ወደ ፖስታ ቤት ስወርድ፣ አገሬው ሁሉ «አክስቴ» የሚላቸው አዛውንቷ ኦርፋ ቅርጫት ይዘው ከቤተሰባቸው መቃብር ኮረብታ ሲወርዱ አገኘኋቸው። ነርስነት የምትማረው የልጅ ልጃቸው ዋኒታ ከኋላ ከኋላ እየተከተለች ትለምናቸዋለች።

«አያቴ፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ይህን ቅጠል ለአጎቴ ሆበርት አያፍሉለት!»

«መምህር፣ እስቲ ይፍረዱ» አሉኝ አክስቴ ኦርፋ። «ወንድሜ ሠላሳ ዓመት በማዕድን ጉድጓድ የድንጋይ ከሰል አቧራ ሲውጥ ኖሮ ሳሉ ሊገድለው ነው። ያህያ ጆሮ የሚሉትን የሳል ቅጠል አፍልቼ ላጠጣው ብል ይቺ ልጅ ፖሊስ ልትጠራብኝ ምን ቀራት?»

«ያህያ ጆሮ ቢሆንማ መች ከለከልኩ?» አለች ዋኒታ።

እንደ ልማዴ ጣልቃ ገባሁ። «አክስቴ፣ አበባውን አይተዋል?»

«አበባ! መምህር ተብለው! ያህያ ጆሮ የሚለቀመው በመጀመሪያው ዓመት፣ አገዳ ሳያወጣ ነው። እናቴ ከዚያች ተዳፋት ነው የለቀመችው፤ እናቷም ከዚያችው።»

ልማዱ መጥፎ አይደለም። ነገር ግን የአክስቴ ኦርፋ ዓይን ሞራ ለብሶ ድመትን ከድስት መለየት ካቃተው ሁለት ዓመት አልፎታል። ሐኪም ዘንድ ይሂዱ ሲባሉ «ማየት ያለብኝን አይቻለሁ» ይላሉ። ቅጠሉን የሚለቅሙት ልስላሴውን በእጃቸው እየዳሰሱ ነው።

«በእናትዎ ጊዜ የእህትዎ መቃብር እዚያ ነበረ?» አለች ዋኒታ።

«ምን አገናኘው?»

«ከሦስት ዓመት በፊት መቃብሩን ስናስጌጥ ራስዎ የዘሩትን አበባ ረሱት? ያንን ደወል የሚመስለውን፣ ወይን ጠጁን? ዘሩን ዝናብ አጥቦት ተዳፋቱን ሞልቶታል። ለጋው ቅጠል ለስላሳ ነው፤ ግን መርዝ ነው አያቴ!»

«እኔ በእህቴ መቃብር ላይ መርዝ ልዘራ? አፍሽን ያዢ!»

«የአጎቴ የልብ ክኒን የሚቀመመው ከዚሁ ቅጠል ዘመድ ነው። እዚያ በሚዛን ነው፣ ከጨው ቅንጣት ያነሰች። እርስዎ በክኒኑ ላይ በእፍኝ ሊጨምሩለት ነው!»

«እናቴ ያለ ሚዛን ስምንት ልጅ አሳድጋለች።»

ትዕግሥቴ አለቀ። «ከበቅሎ ጋር ብከራከር ይሻለኛል!» ብዬ ጮህኩ፤ ጩኸቴም ምንም አልፈየደ። ዋኒታ ግን ከእኔ ብልሃተኛ ነበረች። ከመንገዱ ዳር እውነተኛውን ያህያ ጆሮ ቀጥፋ በአንድ እጃቸው፣ ከቅርጫቱ ያወጣችውን ደግሞ በሌላው አስያዘቻቸው።

«ዓይንዎን ይተዉት። ጠርዙን ይዳስሱ።»

መጀመሪያ የያህያ ጆሮውን ጠርዝ ዳሰሱ፤ ከዳር እስከ ዳር ልሙጥ ነው። ሁለተኛውን ሲዳስሱ ጣታቸው ቆመ።

«ጥርስ አለው» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ፊታቸው አመድ መሰለ። «ዋኒታ… ትናንት ግማሽ ኩባያ ጠጥቷል። ዛሬ ጠዋት ‹መጋረጃውን ማን ቢጫ ቀባው?› ሲለኝ ስቄበታለሁ።»

ቢጫ ማየት የዚያ መርዝ ምልክት እንደሆነ ዋኒታ ተምራለች። ሮጠች፤ እኔም መኪናዬን አስነሳሁ።

ሆበርት አምስት ቀን ሆስፒታል ተኝቶ በሕይወት ተመለሰ። አክስቴ ኦርፋ በዚያው ወር የዓይናቸውን ሞራ አስገፈፉ። ያህያ ጆሮ ማፍላቱን ግን አልተዉም፤ መተውም አልነበረባቸውም። አብቦ በዓይናቸው ካዩት አገዳ ዘር ወስደው ደጃቸው ላይ ዘሩ፤ ክኒን ለሚወስድ ሰው ፋርማሲስቱን ሳይጠይቁ ጠብታ አይሰጡም። ሆበርትን ከሳሉ ባያድነውም ጉሮሮውን ያለሰልስለታል፤ ጎረቤቱም ሳይፈራ ይጠጣል።

በቀደም ልጠይቃቸው ብሄድ ሁለት ቅጠል ፊቴ አስቀመጡ። «ያህያ ጆሮው የቱ ነው?»

የአርባ ዓመት የሳይንስ መምህር ነኝና ቆም ብዬ አየሁና በኩራት ጠቆምኩ።

«ሞተዋል፣ መምህር» አሉኝ። «ሳይዳስሱ!»