ቀዳዳ የሌለው ማሰሮ

«አያ ዋኘው፣ እንዴት አደሩ? ጉልበትዎ ተሻለዎ? ... ፀሐዩስ ዛሬ ሸጋ አይደል? ... ፀሐዩ ነው ያልኩዎ፤ ፀሐዩ!»

እናኑ ከግቢው መሐል እንዲህ ብላ ስትጮህ፣ ወይዘሮ አምሳል ፎቋ ላይ ቆማ በረንዳዋ ላይ የደረደረቻቸውን ማሰሮዎች ውሃ ታጠጣ ነበር። ቅሉን እንደያዘች እጇ ባለበት ቀረ። መቼም የዚያ ሰፈር ሰው እናኑን ያውቃታል። ጠላ ሻጭ ናት፤ ከሰው ጋር ስታወራ ድምፅዋ አይሰማም። አያ ዋኘውን ስታዋራ ብቻ ነው ጉሮሮዋን የምትከፍተው፤ ሽማግሌው ጆሯቸው ከተደፈነ ስንት ዘመኑ! ታዲያ ለሳቸው የተጮኸው ነገር ሁሉ የሚደርሰው ለሌላ ሰው ነው። በአያ ዋኘው ጆሮ በኩል ያልተሸነቆጠ ጎረቤት የለም ብል አልዋሸሁም።

የዛሬው ተረኛ ማን እንደሆነ አምሳል አልጠፋትም። ባሏ ፋንታሁን የጥልያኑ ካፒቴን አስተርጓሚ ነው። ጥልያን ጎንደርን ይዞ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲከምር ለፋንታሁንም ፎቅ ደረሰው፤ ከፎቁ ጋር በረንዳ፣ ከበረንዳው ጋር የአምሳል ኩራት መጣ። ጓሮ የሚባል ነገር ግን የላትም። ካፒቴኑ ከአገሩ ያስመጣውን የቲማቲም ዘር ቢሰጣት፣ ከወለቃዋ ቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪ ከሸዋረግ አፈ ሰፊ ማሰሮ እየመረጠች ገዛች፤ አፈር ሞላችበትና እዚያው በረንዳው ላይ ተከለች። ለካፒቴኑ ግብዣ ቲማቲም አደርሳለሁ ብላም ቃል ገባች። ቲማቲሙ ቢጫ ሆነ፣ ጠወለገ፣ አንገቱን ደፋ። ይኸው ሸዋረግ ከረቡዕ ጀምሮ ዘብ ቤት ናት፤ በዓይኗ በልታዋለች ተብላ። ነገ ቅዳሜ ገበያ መሐል ልትገረፍ ነው።

አምሳል ወደ ውስጥ ልግባ ብላ አሰበች። ገባች ማለት ግን ነካኝ ማለት ነው። መልስ መስጠትም አይሆንላትም፤ እናቷ ገና በልጅነቷ «አሽሙር የመለሰ ስሙን ሰጠ» እያለች ነው ያሳደገቻት። ስለዚህ ምንም እንዳልሰማ ሰው ማጠጣቷን ቀጠለች።

«እኔማ ጌሾዬን ልወቅጥ ነው የወጣሁት» አለች እናኑ፤ ዘነዘናውን ድው አደረገችው። «እንዲያው አያ ዋኘው፣ አገሩ እንዴት እንደሠለጠነ አዩልኝ? ድሮ ‹ላም አለኝ በሰማይ› ሲባል እንሥቅ ነበር። ዛሬ ይኸው ቲማቲም በሰማይ! ... እሰይ ነው እንጂ፣ ምነው ምቀኛ ልሁን? ቀና ብዬ ሳይ አንገቴን ቢያመኝ ነው እንጂ ልቤስ ደስ ይለዋል። ሙያ ያላት ሴት ድንጋይ ላይም ታበቅላለች። ... ታበቅላለች ነው ያልኩ፤ ይጸድቅላታል አልወጣኝም።»

ድው።

«ባለሙያ ናቸው እኮ! ማን ናቸው ብለው አይጠይቁኝ፤ የሰው ስም ማንሣት አልወድም። እኒህ የማውቃቸው ሴት ሸክላ ሲገዙ ባዩልኝ! በጣታቸው አንኳኩተው፣ ጆሯቸውን ጥደው፣ ውሃ ሞልተው አሳድረው፣ ጠዋት ታቹን በመዳፋቸው ዳብሰው። ርጥበት ከተገኘበት ‹ወዲያ ውሰጂልኝ!› ነው። ሙሽራ እንኳ እንዲያ አትመረመርም። ታዲያ ያቺ ሠሪዋ ምን ብትላቸው ጥሩ ነው? ‹እመቤቴ፣ ለተክል ከሆነ ታቹን ልብሳልዎ›! ... አዩልኝ ድፍረቷን? ‹ቀዳዳ ሸክላ ልታስታቅፊኝ ነው?› ብለው አንባረቁባት። እውነታቸውን ነው! በጎንደር ሴት ቤት ቀዳዳ ማሰሮ? ምን ሊባል! ውሃው ከገባ መውጫ ምን ይሠራለታል? ... አንዳንዱም ነገር እንዲሁ ነው አያ ዋኘው፤ መግቢያውን ካገኘ መውጫውን አይጠይቅም።»

አምሳል ከንፈሯን ነከሰች። አንዷም ቃል ውሸት አልነበረችም፤ ያቺ ከይሲ እናኑ ከደረጃው ሥር ቆማ ስትሰማ ኖሯል! ያን ቀን አምሳል የምር ነበር የተናደደችው። ሸዋረግ የተበላሸባትን ዕቃ በዘዴ ልትጥልባት የፈለገች መስሏት ነበር። የማያፈስ ሸክላ ሸጋ ሸክላ ነው፣ የሚያፈስ ሸክላ ያለባት ሴት የሰፈር መሣቂያ ናት፤ ከእናቷም ከአክስቶቿም የተማረችው ይህንኑ ነው። ተክል በሥሩ እንደሚታፈን ማን ነግሯት! የነገረቻትን ደግሞ አባረረቻት።

«ውሃማ እንዴት ያጠጡታል መሰለዎ! ጠዋት ማታ። ደግነታቸው አይጣል! ... ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል የወንዙን ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ የማሰሮውም ይወስዳል ለካ! ‹ሞኝ የተከለውን ብልኅ አይነቅለውም› ይላሉ ደግሞ። ብልኅ ምን አደከመው? ይጠብቅ፤ ራሱ ይበሰብስለታል።»

አያ ዋኘው ከድንጋያቸው ላይ ተቀምጠው ገመዳቸውን ይገምዳሉ፤ አልፎ አልፎ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ቀና ብለው እንኳ አላዩም።

«ኋላ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ምን ይበሉ ታዲያ? ካፒቴን የሚያህል ሰው አፉን ከፍቶ ቲማቲም እየጠበቀ! ‹አላወቅሁበትም› ማለት እንደሆን ለኔና ለእርስዎ ዓይነቱ ነው የሚያምር። ... ደግነቱ ያቺ ሠሪዋ አንድ ቀን ደጃፉ ላይ ቆማ ‹ሸጋ ነው› ብላ ኖሯል። ሰሙልኝ ጥፋቷን? ‹ሸጋ ነው!› እንትፍ ሳትል! እኔም እኮ ያን ሰሞን ሸጋ ነው ብያለሁ፤ እርስዎም ጥርስዎን ከፍተው አይተውታል። የኛ ዓይን ግን ጾመኛ ነው አሉ፤ በዓይን መብላት የተሰጠው ለወለቃ ሰው ብቻ ነው። ... ኧረ በቁስቋሟ! በዓይኗ የምትበላ ሴት አጥንቷ ገጥጦ ጭቃ ስታቦካ ትውላለች? እኔ በዓይኔ መብላት ብችል ጌሾ ስወቅጥ ያገኙኝ ነበር? ይሄኔ የካፒቴኑ ማድ ቤት በር ላይ ቆሜ ዓይኔን አፍጥጬ ነበር!»

ከአጥሩ ወዲያ የሆነ ሰው ሣቀ። አምሳል ማን እንደሆነ ለማየት አልደፈረችም።

«ጌታው ደግሞ... የዚያን ቤት ጌታ ማለቴ ነው፤ ስም አላነሣሁም... እንዴት ያለ አዋቂ! ‹በዓይኗ በላችው› ቢለው ፈረንጁ ‹በዓይን እንዴት ተደርጎ ይበላል?› ብሎ ሊያደክመው ነው። ምን ያድርግ? በአንድ ቃል ተገላገለ፤ ‹መርዝ አርጋበት ነው› አለው። አዩ ቋንቋ ማወቅ እንዴት ነገር እንደሚያሳጥር! ... የሰው ዕድሜም ያሳጥራል እንጂ።»

አምሳል መርዝ አላለችም! ‹የሰው ዓይን በልቶብኝ ነው› ብላ ከዕፍረት ልታመልጥ ነበር የፈለገችው፤ ሸዋረግ ብትቆጣ፣ ከደጇ ብትርቅ፣ በዚያው ይረሳል ብላ። ጅራፍ የመጣው በፋንታሁን ቃል ነው። ግን ማታ ፋንታሁን ያለውን እየሣቀ ሲነግራት እሷስ ምን አለች? እራት አቀረበችለት።

«ትናንት ደግሞ የገጠመኝን ልንገርዎ» አለች እናኑ፤ ዘነዘናውን አቁማ። «ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የተሰጣ ጌሾዬን ላነሣ ብወጣ፣ ከሰማይ ጠበል ወረደልኝ! በበጋ! ደመና የለ፣ ነጎድጓድ የለ፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ... ጥቁር ውሃ። ሽታውን ተዉት፤ ጌሾዬን ሁለተኛ አጥቤ ነው ያሰጣሁት። ቀና ብል፣ አንድ ሸጋ እጅ ማሰሮ ዘቅዝቆ የተክል ሥር ያያል። ሥሩ ሙልጭ ብሎ በስብሷል። ... የማን እጅ ነው አይበሉኝ! እጅ ብቻ ነው ያየሁት፤ እጅ ስም አይጻፍበትም። ያ እጅ ምን አደረገ ቢሉኝ ግን፣ ታጠበ። ጲላጦስም ታጥቦ ነበር መቼም፤ እሱ የጥልያን ሳሙና አላገኘም እንጂ።»

ቅሉ ከአምሳል እጅ አመለጠና በረንዳው ላይ ተንከባለለ። ያየኝ የለም ብላ ነበር። ከትናንት ጀምሮ ታውቃለች፤ ሥሩ በእጇ ላይ ሲበጣጠስ፣ ያ የታፈነ ውሃ ሲሸታት፣ ሸዋረግ ‹ልብሳልዎ› ያለቻት ትዝ ብሏት ቁጭ ብላ አልቅሳለች። ካለቀሰች በኋላ ግን ማሰሮውን በር ጀርባ ደበቀችው፤ ሰው እንዳይነቃባትም የቀሩትን እንደ ወትሮው ማጠጣቷን አልተወችም። ካፒቴኑ ይሥቅብኛል፣ ባሌ ዋሾ ይባላል፣ የሰፈር ሴት ሁሉ ‹ቲማቲም በውሃ የገደለች› እያለ ይጠቋቆምብኛል ብላ ፈራች።

«ነገ ገበያ አይቀሩም አይደል አያ ዋኘው? የሚታይ አለ። ያቺ ሴት ቅዳሜ እሳት አትጭርም፣ ውሃ አትቀዳም፣ ጭቃ አትነካም፤ ሰንበቷ ነው። ነገ ግን ጀርባዋ ይሠራል። ... እጇን እንኳ ቢምሩላት ባይ ነኝ፤ እሷ ካልሠራች ያ ቀዳዳ የሌለው ማሰሮ ከየት ሊመጣ ነው? ልጆቿ ዘብ ቤቱ በር ላይ ተኮልኩለዋል። የቋጠሩላትን ቂጣ ዘቡ በላው አሉ። እሱ እንኳ በዓይኑ አይደለም፤ በአፉ ነው።»

ድው። ድው።

«እኔ ምን አግብቶኝ! ጠላ ሻጭ ነኝ፤ የኔ ጋን ራሱ ስንጥቅ አለበት። አንዲት ቃል ናት እኮ ይህን ሁሉ የምትፈታ፤ ‹ያጠፋሁት እኔ ነኝ› የምትል። ... ግን ፎቅ ላይ ለወጣ ቃል መውረጃው ከባድ ነው። ውሃውማ ይወርዳል፤ ሰው ነው እምቢ ያለው።»

ላይ ቤት በሩ ተዘጋ። እናኑ ዘነዘናዋን አስደግፋ ጠበቀች።

አምሳል ውስጥ ገብታ የክት ቀሚሷን ለበሰች፣ አዲሱን ነጠላ ጣል አደረገች፣ ጸጉሯን ቅቤ አስነካች። ዘዴው እዚያው ስትለብስ ነው የመጣላት። ካፒቴኑ ዘንድ ሄጄ ‹ምሬያታለሁ፣ ለኔ ሲሉ ይማሩልኝ› እላለሁ! ሸዋረግ ትወጣለች፣ እሷ ደግ ሴት ትባላለች፣ ስለ ማሰሮው ማንም ማንንም አይጠይቅም። እንዲህ ስታስበው ልቧ ቀለል አላት፤ እንዲያውም ትንሽ ኮራች። በር ጀርባ ያለውን ማሰሮ ዞር ብላ ሳታይ ደረጃውን ወረደች።

ወደ ውጭ ለመውጣት በእናኑና በአያ ዋኘው መሐል ማለፍ ግድ ነው። እናኑ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች፣ እጇን አራገፈች፣ ከላይ እስከ ታች አየቻት። የክት ቀሚሱን አየች። ባዶ እጇን አየች። ምን አስባ እንደወረደች በአንድ ጊዜ ገባት። ከዚያ ያ ጩኸቷ ሁሉ ወዴት እንደሄደ እንጃ፣ ድምፅዋ ማር ሆነ። ሁለቱን መዳፎቿን ወደ ላይ ዘረጋች።

አምሳል ደነገጠች። አሽሙር ቢሆን ዝም ብላ ታልፋለች፤ ምርቃትን ግን ዝም ብሎ ያለፈ ሰው በዚያ አገር አልታየም። እግሯ ራሱ ቆመ፤ አንገቷም ራሱ ዝቅ አለ።

«እሜቴ፣ እንዴት አምሮብዎታል! ... ወዴት ነው አልልም፤ መንገደኛ ይመረቃል እንጂ አይጠየቅም። መንገድዎን ያቅናልዎ። ባለሥልጣን ፊት ሞገስ ይስጥዎ። ለሰው ያሰቡትን እሱ እጥፍ አርጎ ለእርስዎ ያድርግልዎ። እግዜር እርስዎንም መርጠው እንደገዙት ማሰሮ ያርግዎ፤ ሙሉ፣ ንጹሕ፣ አንዲት ቀዳዳ የማይገኝብዎ! ትናንት የገባብዎ ነገር አንድ ጠብታ ሳይጎድል፣ ዕድሜ ልክዎን ውስጥዎ ይኑርልዎ!»

«አሜን!»

ያሉት አያ ዋኘው ናቸው። ገመዳቸውን ጭናቸው ላይ ጥለው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ አንዲት ቃል እንዳላመለጠው ሰው።

«አሜን» አለች አምሳልም። ከዚያ ወደ ውጭው በር አልሄደችም። የገማውን ማሰሮ ልታመጣ ደረጃውን ተመልሳ ወጣች።